ከልብስ ወደ ከፈን፦ የአንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ ቃል ጉዞ

እንግሊዞች «ሽራውድ» የሚሉት ቃል አላቸው። ዛሬ ይህን ቃል የሰማ ሁሉ ሐሳቡ የሚሄደው ወደ ሬሳ ነው፤ ክርስቲያኖቻችን መግነዝ፣ ሙስሊሞቻችን ከፈን የሚሉት ጨርቅ ማለት ነው። ከሺህ ዓመት በፊት ግን ቃሉ ከሞት ጋር ዝምድና አልነበረውም። ጠዋት የሚለበስ፣ ሲቆሽሽ የሚታጠብ፣ ሲያረጅ የሚጣፍ ተራ ልብስ ማለት ነበር። የሕያዋን ልብስ እንዴት የሙታን ብቻ ሆኖ ቀረ? ይህ ጥያቄ ከያዘኝ ቆይቷል።

የያዘኝ በሥራዬ ምክንያት ነው። ለንደን ውስጥ ለሀገራችን ሰዎች አስተረጉማለሁ፤ ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤት፣ አንዳንዴም ቀብር አስፈጻሚዎች ቢሮ። ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብ ጠረጴዛ ከብቦ ሲቀመጥ አንድ ወረቀት ይቀርብለታል፤ ሣጥኑ፣ መኪናው፣ የመቃብሩ ቦታ ከነዋጋቸው ተዘርዝረውበታል። ከመካከላቸው «ሽራውድ» የምትል መስመር አለች። ልጆቹ እንግሊዝኛውን ከእኔ ይበልጥ ይናገሩታል፤ እናቶቹ ግን ዓይናቸውን እኔ ላይ ያሳርፋሉ። ለአንዷ «መግነዝ ነው እማማ» እላለሁ፣ ለሌላዋ «ከፈኑን ማለታቸው ነው» እላለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን ማታ ቤቴ ገብቼ ያችን መስመር አስባታለሁ፤ መዝገበ ቃላትና የድሮ ጽሑፎች ማገላበጥ የጀመርኩትም ለዚህ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጥንታዊው እንግሊዝኛ አጻጻፉ ይለያል እንጂ ሲነበብ «ሽሩድ» ነው፤ ከዛሬው ብዙ አይርቅም። ግስም አለው፤ «ሽሪዳን»፣ ማልበስ። ይህ ግስ የሚገኝበት አንድ ቦታ ለእኔ ከሌላው ሁሉ ይበልጥብኛል። በ10ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ወንጌላት በዚያ ቋንቋ ተጽፈው ነበር፤ ሊቃውንቱ የምዕራብ ሳክሶን ወንጌላት ይሏቸዋል። በማቴዎስ ምዕራፍ 25፣ ጌታ በፍርድ ቀን «ታርዤ አልብሳችሁኛልና» በሚልበት ቦታ የተቀመጠው ግስ ይኸው ሽሪዳን ነው። በዚያው ወንጌል ሁለት ምዕራፍ አለፍ ሲባል ደግሞ የአርማትያሱ ዮሴፍ የጌታን ሥጋ ተቀብሎ በንጹሕ በፍታ ይጠቀልለዋል። ተርጓሚው እዚህ ላይ ሽሩድን አልጠራም። ዛሬ በእንግሊዝኛ አንሶላ ማለት ከሆነው ቃል ጋር አንድ የሆነ ሌላ ቃል ነው የጻፈው። ለዚያ ተርጓሚ ሽሩድ የታረዘ ሰው ለብሶ ብርዱን የሚያልፍበት ነገር ነበር፤ ሙት የሚጠቀለልበት ጨርቅ የራሱ ስም ነበረው።

የቃሉ ሥር መቁረጥ ነው። ቢሮ ውስጥ ወረቀት የሚበጣጥሰውን ማሽን ሽሬደር እንላለን፤ «ሽሬድ» እና ሽራውድ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም መቁረጥና መቅደድ ከሚል ጥንታዊ የጀርመናውያን ሥር የወጡ ናቸው። ልብስ ከሽመናው የወረደ፣ ተቆርጦ ለገላ የተዘጋጀ ቁራጭ ማለት ነው። በሰሜን፣ በስካንዲናቪያ ያሉት የኖርስ ተናጋሪዎችም ይህንኑ ቃል ይዘውት ነበር፤ በእነሱ ዘንድ ግን የክብር ልብስና የመርከብ ዕቃም ማለት ሆነ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

በዚያው ዘመን ከሽሩድ ጎን «ሬአፍ» የሚባል ሌላ የልብስ ቃል ነበር። ልብስም ነው፣ ምርኮም ነው። ፈረንሳዮች ሮብ የሚሉት፣ እንግሊዞችም በኋላ ከእነሱ የወሰዱት ቃል ከዚሁ የጀርመናውያን ሥር የመጣ ነው፤ በእንግሊዝኛ ዝርፊያን የሚገልጸው ቃልም የቅርብ ዘመዱ ነው። በጦር ሜዳ ከወደቀ ሰው ላይ መጀመሪያ የሚገፈፈው ልብሱ ነበርና ምርኮና ልብስ በአንድ ስም ተጠሩ። ዛሬ ዳኛና ፕሮፌሰር በክብር የሚደርቡት ካባ ስሙ ከግፈፋ መምጣቱን ሳስብ፣ ሽሩድ ቢያንስ በንጹሕ እጅ መወለዱ ደስ ይለኛል። አንዱ ቃል ከዘራፊ፣ አንዱ ከቆራጭና ከሰፊ ተወልዷል።

ሰው ለልብስ ሲል ለምን ሬሳ ይገፍፋል የሚል አንባቢ፣ አንድ ቀሚስ ያኔ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ቢያስብ ይገባዋል። የበጉ ጠጉር ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ ይበጠራል፣ በእንዝርት ይፈተላል፤ ከዚያ በቆመ የሸማ ዕቃ ላይ ድሩ ከላይ ተንጠልጥሎ ከታች በሸክላ ክብደት እየተወጠረ ይሸመናል። አንግሎ ሳክሶን የሚባሉት የዚያ ዘመን እንግሊዞች የኖሩበት መንደር ሲቆፈር እነዚያ የሸክላ ክብደቶችና የእንዝርት ራሶች በብዛት ይወጣሉ። እንዝርት የያዘች እናት ወይም አያት ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አይፈልግም፤ መሸመኑ ከመፈተሉ ጋር ሲተያይ ፈጣን ሥራ ነው፣ ጊዜ የሚበላው ክሩ ነው። በ899 የሞተው ንጉሥ አልፍሬድ በኑዛዜው ወራሾቹን ሲለይ በወንድ በኩል ያለውን ዘር «የጦር ወገን»፣ በሴት በኩል ያለውን «የእንዝርት ወገን» ይለዋል። ንጉሥ ሳይቀር የሴትን ዘር በእንዝርቷ ጠራው።

ከ10ኛው መቶ ዓመት ዊንፍሌድ የምትባል ባለጸጋ ሴት ኑዛዜ ተርፎ እኛ ዘንድ ደርሷል። መሬቷንና ሰዎቿን ካደላደለች በኋላ ልብሷን ታከፋፍላለች፤ ቀሚሱን ለዚህች፣ ምርጡን መሸፈኛ ለዚያች፣ ማሰሪያውን ለሌላዋ፣ እያንዳንዷን በስሟ እየጠራች። ኑዛዜውን ሳነብ ዓይኔን የያዘው ይህ ክፍል ነው። ከእርሻው ይልቅ በቀሚሱ ላይ ድምጿ ይሰማል፤ የትኛው የተሻለ እንደሆነ፣ ለማን እንደሚስማማ ታውቃለች። ገዳማት ደግሞ ገቢው ለመነኮሳቱ ልብስ እንዲውል የተመደበ መሬት ነበራቸው፤ ስሙም «ሽሩድላንድ»፣ የልብስ መሬት። ልብስ መሬት የሚቆረጥለት ነገር ነበር።

በ1066 ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ያዙና የጌቶቹ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። በልብስ ዓለም ይህ ብዙ ነገር ቀየረ። ኮት፣ ጋውን፣ ሮብ፣ ድሬስ፣ ጋርመንት፣ ሁሉም በፈረንሳይኛ በኩል የገቡ ናቸው። ፋሽን የሚመጣው ከቤተ መንግሥት ነውና ስሙንም ይዞ መጣ። ከጥንቶቹ ቃላት ዛሬም ድረስ በሁሉ አፍ የቀረው «ክሎዝስ» ነው፤ ሌሎቹ ወይ ጠፉ ወይ ጥግ ያዙ።

ሽራውድ ግን ወዲያው አልተሸነፈም። በ14ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ዊሊያም ላንግላንድ ስለ አራሹ ፒርስ የጻፈው ረጅም ግጥም ሲከፈት፣ ተራኪው በበጋ ቀን በግ የመሰለ ሽራውድ ለብሶ፣ መናኝ መስሎ ወደ ዓለም ይወጣል። ይህ ሰው በሕይወት ያለ፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ነው። ልብሱ ሻካራ የበግ ጠጉር ነው። ቃሉ ከአደባባይ ወርዶ የመናኝና የድሃ ልብስ ወደ መሆን ያዘነበለ ይመስለኛል፤ ግን ገና ልብስ ነው።

ከዚያ በኋላ ትርጉሙ እየሰፋ ሄደ። ሰውን የሚሸፍን ሁሉ፣ መጠለያም ጥላም፣ ሽራውድ ይባል ጀመር። የመርከብ ምሰሶ ግራና ቀኝ ወጥረው የሚይዙት ገመዶችም ይህንኑ ስም ያዙ፤ ከላይ ያነሳሁት የኖርሶቹ የመርከብ ዕቃ ዘመድ ነው። ባሕረኞች እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠሯቸዋል። ለንደን ውስጥ አሁን ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ከመሠራቱ በፊት በቦታው በቆመው አሮጌ ካቴድራል ግቢ፣ ሰባኪዎች በሜዳው ላይ የጳውሎስ መስቀል በሚባል መድረክ ቆመው ያስተምሩ ነበር። ዝናብ የጣለ ቀን ሰባኪውም ሕዝቡም ወደ ተሸፈነ ቦታ ይገባሉ፤ ያ ቦታ «ሽራውድስ» ይባል ነበር። በጥር 1548 ሂው ላቲመር፣ ጳጳሳቱን እርሻውን ትቶ እንደ ተቀመጠ አራሽ የወቀሰበትን፣ በእንግሊዝ ሁሉ ሥራውን የማያስታጉል ጳጳስ ዲያብሎስ ብቻ ነው ያለበትን ስብከት የሰበከው እዚያ ነው። በ1555 ኦክስፎርድ ውስጥ በእሳት ተቃጥሎ ሞተ። የለንደን ሰው ያኔ «ሽራውድስ ውስጥ ነበርኩ» ቢል ማንም አይደነግጥም ነበር፤ ከዝናብ ተጠልዬ ስብከት ሰማሁ ማለቱ ነው።

የሬሳ ልብስ የሚለው ትርጉም የሚታየው በ16ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው የሚገነዝበት ጨርቅ መጠቅለያ አንሶላ ነበር የሚባለው። ሼክስፒር ላይ ሁለቱ ትርጉሞች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ሐምሌት ውስጥ ኦፌሊያ አባቷ ሞቶባት አእምሮዋ ሲናወጥ የምትዘፍነው ስለ ነጭ ሽራውድ ነው፤ እንደ ተራራ በረዶ ነጭ ትለዋለች። አንቶኒና ክሊዮፓትራ ውስጥ ደግሞ ክሊዮፓትራ በቄሣር ሽራውድ ሥር ግቢ ትባላለች፤ ከለላው ሥር ማለት ነው። የአንድ ሰው ብዕር ሁለቱንም ይዟል። ከእሱ በኋላ የከለላው ትርጉም እየሳሳ፣ የመቃብሩ እየጠነከረ ሄደ።

ለምን? የእኔ ግምት ይህ ነው። ሞት ባለበት ቦታ ሰው አዲስ ነገር አይደፍርም። ሐዘን ቤት የሚባለው፣ የሚለበሰው፣ የሚደረገው ሁሉ ከአባቶች የተቀበሉት ነው፤ አደባባይ ላይ ያረጀ ቃል እዚያ መጠጊያ ያገኛል። ለዚህ ምስክር የሚሆነኝ የሽሩድ እኩያ የሆነ ሌላ ቃል አለ። ጥንት «ዋድ»፣ በኋላ «ዊድስ»፣ እሱም ልብስ ማለት ነበር። ዛሬ ዊድስ ሲባል የሚታወቀው አረም ነው፤ አረሙ ከሌላ ሥር የመጣ ሞክሼ ነው። ልብስ የሚለው ትርጉም የተረፈው ባሏ የሞተባት ሴት በምትለብሰው ጥቁር ልብስ ስም ውስጥ ብቻ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ባሏ አልበርት በታኅሣሥ 1861 ከሞተ ጀምሮ በ1901 እስክታርፍ ያንን ጥቁር አላወለቀችም። ስትቀበር ግን ነጭ እንዲያለብሷትና የሠርጓን ዓይነርግብ እንዲያደርጉላት አዝዛ ነበር። ሁለት የጥንት የልብስ ቃላት፣ ሁለቱም ማረፊያቸው ሐዘን ቤት ሆነ፤ አንዱ ለሟች፣ አንዱ ለቋሚ።

ቃሉ በዚህ መንገድ ላይ ሳለ የተሠራ አንድ ሐውልት ዛሬም ቆሟል። አዲሱ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ውስጥ፣ ከመዘምራኑ ቦታ በስተ ደቡብ ባለው መተላለፊያ፣ ነጭ እብነ በረድ የሆነ ሰው በማሰሮ ላይ ቆሟል። ገጣሚውና ሰባኪው ጆን ደን ነው፤ ከ1621 ጀምሮ የካቴድራሉ አለቃ የነበረ። የመጀመሪያው የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ አይዛክ ዎልተን እንደተረከው፣ በ1631 ሞቱ መቃረቡን ሲያውቅ የማንበቢያ ክፍሉ ውስጥ ከሰል አስነደደ፣ ልብሱን አወለቀ፣ መገነዣውን ለበሰ፤ ራሱና እግሩ ላይ እንደ ሬሳ አስቋጠረው። ፊቱ ብቻ እንዲታይ ጨርቁን ገለጥ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከእንጨት በተሠራ ማሰሮ ላይ ቆመ፤ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መለሰ። ሠዓሊ በቁመቱ ልክ በሣንቃ ላይ ሣለው። ሥዕሉን አልጋው አጠገብ አስቀምጦ እስኪሞት ድረስ ያየው ነበር። ኒኮላስ ስቶን ከሞተ በኋላ ሐውልቱን ጠረበው።

እኔ ይህን ሐውልት ከቅርብ አይቼዋለሁ። ጨርቁ ላይ ያለው እጥፋት በጣም ይገርማል፤ ጉልበቱ ላይ ይወጠራል፣ ክንዱ ሥር ይሸበሸባል፣ ከራሱ በላይ እንደ አበባ ተቋጥሯል። ስቶን ሬሳን ጨርቅ ውስጥ አላስተኛም፤ ለብሶ የቆመ ሰው ነው የጠረበው። ከሥሩ ያለው ማሰሮ ላይ የእሳት ጠባሳ ይታያል። በ1666 ለንደን ስትቃጠል አሮጌው ካቴድራል ከነሐውልቶቹ ወደመ፤ ይህ ብቻ ከሞላ ጎደል ሙሉ ሆኖ ተረፈ። ደን ከመሞቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት ንጉሥ ቻርልስ ፊት ባሰማው የመጨረሻ ስብከቱ፣ ሰው መገነዣውን ይዞ በእናቱ ማኅፀን እንደሚያድግ ተናግሮ ነበር። በዚያ ስብከት ግን የጠራው የድሮውን ስም፣ መጠቅለያ አንሶላን ነው፤ ሁለቱ ስሞች ገና በአንድነት ይሄዱ ነበር።

ያ እሳት በነደደበት ዓመት፣ በ1666፣ ፓርላማው ስለ ሬሳ ልብስ ሕግ አወጣ። ሟች ሁሉ ከበግ ጠጉር በተሠራ ጨርቅ ብቻ እንዲቀበር አዘዘ። ነገሩ ንግድ ነው፤ በፍታው ከውጭ ይገባል፣ የበግ ጠጉሩ የሀገር ሀብት ነው። ሕጉን ሰው ችላ ስላለው በ1678 ጠበቅ ተደርጎ እንደገና ወጣ። ቀብሩ በተፈጸመ በ8 ቀን ውስጥ ሟቹ ከበግ ጠጉር በቀር ሌላ እንዳልለበሰ የሚመሰክር መሐላ መቅረብ አለበት፤ ካልቀረበ 5 ፓውንድ ቅጣት። ከቅጣቱ ግማሹ ለጠቋሚው፣ ግማሹ ለአጥቢያው ድሆች ይሰጥ ነበር። በወረርሽኝ የሞቱት ብቻ ከሕጉ ነጻ ነበሩ። ባለጸጎች ዘዴ አበጁ፤ በፍታ ለብሶ መቀበር የፈለገ ቤተሰብ ከራሱ መካከል አንዱን ጠቋሚ አድርጎ ይልክና ግማሹን ቅጣት መልሶ ይወስዳል። በ1730 የሞተችው ዝነኛ ተዋናይ አን ኦልድፊልድ ከብራስልስ የመጣ ዳንቴል አድርጋ ዌስትሚንስተር አቢይ ውስጥ ተቀበረች። ሕጉ የተሻረው በ1814 ነው።

የአጥቢያ መዝገቦቹ የዚያን ዘመን ነገር ይዘዋል። ከሟቹ ስም ጎን መሐላው መቅረቡ አጠር ተደርጎ ይጻፋል። በአንዳንዶቹ ግን የድሃ ስም ጎን «ራቁቱን» የሚል ይገኛል፤ ከበግ ጠጉር የተሠራውን መግዛት ያልቻለ፣ ሌላውንም እንዳያለብሱት ሕግ የከለከለው ሰው ነው። ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ። ሽሪዳን የሚለው ግስ ታርዤ አልብሳችሁኛል የሚል ቃል ተሸክሞ በኖረበት ሀገር፣ ለሱፍ ንግድ ሲባል ድሃ ታርዞ ወደ መቃብር ወረደ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ወንጌሉን በደንብ ያውቁት ነበር።

በማቴዎስ 25 የተዘረዘሩት የምሕረት ሥራዎች ስድስት ናቸው። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሰባተኛ ጨመረ፤ ሙታንን መቅበር። የተወሰደው በእኛ ቤተ ክርስቲያንም ቀኖና ውስጥ ካለው ከመጽሐፈ ጦቢት ነው። ጦቢት በነነዌ በምርኮ ሳለ እንጀራውን ለተራበ፣ ልብሱን ለታረዘ ይሰጥ፣ ከወገኑ ሞቶ የተጣለ ካገኘም ይቀብር ነበር። ማልበስና መቅበር በዚያ ሰው እጅ ላይ አንድ ሥራ ናቸው። ለዚህ ነው የሽራውድን ጉዞ እንደ ውርደት የማላየው። ቃሉ ከአንዱ ምሕረት ወደ ሌላው ተሻገረ እንጂ ከሥራው አልወጣም፤ አሁንም ራሱን ማልበስ ለማይችል ሰው የሚደረግ ልብስ ነው።

ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ ቃሉን አዘውትረው በቁሙ የሚጠቀሙት ሙስሊሞች ናቸው። በመስጊዶቹ የቀብር መመሪያ ላይ ከፈን በሽራውድ ይተረጎማል፤ ለወንድ 3፣ ለሴት 5 ነጭ ጨርቅ። ከእንግሊዞቹም ወደ ቃሉ የሚመለሱ አሉ። በ1993 ካርላይል ከተማ ውስጥ የተፈጥሮ መቃብር የሚባለው ተጀመረ፤ ቀለም የተቀባ ሣጥንና ብረት የማይገባበት፣ ሐውልት በማቆም ፈንታ ዛፍ የሚተከልበት። ዛሬ እንዲህ ያሉ ቦታዎች በመላ ሀገሪቱ አሉ። የእንግሊዝ ሕግ ሣጥን ግዴታ ስለማያደርግ ብዙዎች በሽራውድ ብቻ፣ በፈቃዳቸው ከበግ ጠጉር በተሠራ ጨርቅ ጭምር ይቀበራሉ።

እንዲህ ዓይነት ቦታ የመረጠ የሀገሬ ቤተሰብ አባታቸው በጋቢ ተጠቅልሎ መቀበር ይችል እንደሆነ አስጠይቆኝ ያውቃል። ይችላል። ንጹሕ ጥጥ ይፈቀዳል፤ የማይፈቀደው እንደ ፖሊስተር ያለ ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ ስለዚህ ጥለት ካለው ጥለቱ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ደንቡ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ቀኑ ከመቆረጡ በፊት ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል፤ አስተርጓሚ ካላችሁም ያንን ጥያቄ ለእሱ ስጡት፣ ሐዘንተኛ ስለ ክር ሲከራከር መዋል የለበትም።